የዓሣችሁ ምግብ ፓኬት በስንት ወር ያልቃል?

ጀሞ አንድ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሳሎናችን ጥግ ላይ 60 ሊትር ውሃ የሚይዝ አኳሪየም አለ። ዓሣዎቹን ያመጣኋቸው እኔ ነኝ፤ ውሃ በተሞላ ፌስታል፣ ከሜክሲኮ ጀሞ በሚጭን ሚኒባስ፣ ረዳቱ "ያ ነገር እንዳይፈስብን!" እያለኝ። ሦስት ጎልድፊሾች ነበሩ። አሁን ሁለት ናቸው።

ሦስተኛው የሞተው በረሃብ አይደለም። ለመስክ ሥራ አንድ ሳምንት ከአዲስ አበባ ወጥቼ ነበር። ስሄድ ታናሽ እህቴን "ዓሣዎቹን አደራ" አልኳት። አደራ ደግሞ እኛ ቤት ቀልድ አይደለም። ጠዋት ትሰጣቸዋለች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትደግማለች። ማታ ደግሞ እናቴ "አፋቸውን ሲከፍቱ አንጀቴን በሉት" ብላ እሷም ትበትንላቸዋለች። በአምስተኛው ቀን ማታ መብራት ጠፋ። ሲነጋ ውሃው እንደ አጓት ደፍርሷል፤ ሁለቱ ዓሣዎች የውሃው ፊት ላይ አፋቸውን ከፍተው ያቃስታሉ፤ አንዱ በጎኑ ተንሳፏል። እህቴ ደውላ እያለቀሰች "በደንብ አበላኋቸው እኮ!" አለችኝ።

እውነቷን ነበር። ችግሩም እሱ ነበር።

እኔ የተማርኩት ኢንጂነሪንግ ነው፤ የዓሣ ሐኪም አይደለሁም። ግን ወደ አንድ ዕቃ ውስጥ ምን ገባ፣ ምን ወጣ፣ ምን ቀረ ብሎ መቁጠር የሙያዬ ግማሹ ነው። አኳሪየም ደግሞ ለዚህ ቆጠራ የሚመች ዕቃ ነው፤ ግድግዳው መስታወት፣ የሚገባው ነገር የምትበትኑት ምግብ ብቻ። እስቲ አብረን እንቁጠር።

ለምን እንዲህ ትንሽ ይበቃቸዋል?

እኛ ሰዎች ከምንበላው ምግብ ብዙውን የምናቃጥለው ሰውነታችንን 37 ዲግሪ አካባቢ ለማቆየት ነው። እንደ ምድጃ ነን፤ ተኝተንም እንነዳለን። ዓሣ ግን ደመ ቀዝቃዛ ነው። ውሃው 19 ዲግሪ ከሆነ እሱም 19 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ራሱን ለማሞቅ የሚያወጣው ነዳጅ የለም። ክብደቱንም ውሃው ስለሚሸከምለት እንደኛ ቆሞ ለመዋል ጉልበት አያፈስም።

ሌላም ነገር አለ። የደመ ቀዝቃዛ እንስሳት የሰውነት ሥራ ፍጥነት፣ ማለትም ሜታቦሊዝም፣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ በግምት በግማሽ ይወርዳል። ሐምሌ ላይ ጀሞ ውስጥ ጋቢ ለብሳችሁ የምትቀመጡበት ክፍል ውስጥ፣ ማሞቂያ የሌለው አኳሪየም የያዘው ዓሣ ቀስ ብሎ ነው የሚፈጨው። የክረምት ምግቡ የበጋውን ያህል መሆን የለበትም።

በቁጥር እናስቀምጠው። ለአካለ መጠን የደረሰ ጎልድፊሽ በቀን ከክብደቱ 1 በመቶ ያህል ደረቅ ምግብ ቢያገኝ ይበቃዋል። 15 ግራም የሚመዝን ዓሣ ከሆነ 0.15 ግራም ማለት ነው። ሁለት ዓሣ፣ 0.3 ግራም። በጣት ቆንጥራችሁ የምትበትኑት ከዚህ በቀላሉ ይበልጣል።

"ግን እኮ ሁልጊዜ ይለምናሉ!" ትሉኝ ይሆናል። ይለምናሉ። የአኳሪየሙ ክዳን ሲነካ፣ የእናንተ ጥላ ሲያልፍ፣ ተሰብስበው ይመጣሉ። ይህ ግን ረሃብ ሳይሆን ትምህርት ነው፤ "ይህ ሰው ሲመጣ ምግብ ይዘንባል" ብለው አስተውለዋል። ከዚህም በላይ ጎልድፊሽ ጨጓራ የለውም። አዎ፣ ጨርሶ የለውም! ምግቡ ከጉሮሮው በቀጥታ ወደ ረጅም አንጀት ያልፋል። የሚሞላ ከረጢት ስለሌለው በተፈጥሮው ቀኑን ሙሉ ጥቂት በጥቂት እየለቀመ የሚውል እንስሳ ነው። ብዙ ሰው "የዓሣ ጨጓራ የዓይኑን ያህል ነው" የሚለውን ምክር ሰምቷል። ምክሩ ትንሽ ስጡ ለማለት ጥሩ ነው፤ ለጎልድፊሽ ግን የሌለውን ጨጓራ መለካት ነው።

የቀረው ምግብ የት ይሄዳል?

አብዛኛው የዓሣ ደረቅ ምግብ ፕሮቲን ይበዛዋል። 40 በመቶው ፕሮቲን ነው እንበል (የእናንተን ፓኬት ጀርባ አንብቡ)። ፕሮቲን ደግሞ በክብደት 16 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ስለዚህ 1 ግራም ምግብ ስትጨምሩ 64 ሚሊግራም ናይትሮጅን ወደ ውሃው አስገባችሁ።

ዓሣው ከበላው ጥቂቱን ሥጋ ያደርገዋል፤ የቀረውን በአብዛኛው በስንጥቡ፣ ማለትም በጭንቅላቱ ጎን ባለው ቀይ መተንፈሻ በኩል፣ አሞኒያ አድርጎ ያስወጣዋል። ካልበላው ደግሞ ምግቡ ጠጠሩ ውስጥ ገብቶ ይበሰብስና ያው አሞኒያ ይሆናል። በሁለቱም መንገድ መድረሻው አንድ ነው። አሞኒያ ያልጸዳ መጸዳጃ ቤት ገብታችሁ አፍንጫችሁን የሚሰነፍጣችሁ ነገር ነው። ዓሣው ከዚያ ክፍል መውጣት አይችልም።

64 ሚሊግራም ለ60 ሊትር ሲካፈል በሊትር ከ1 ሚሊግራም ትንሽ ይበልጣል። ትንሽ ይመስላል አይደል? ግን አሞኒያ ሁለት መልክ አለው፤ አንዱ ብዙም የማይጎዳ፣ ሌላው ስንጥብን የሚያቃጥል መርዝ። የትኛው እንደሚበዛ የሚወስነው በዋናነት የውሃው ፒኤች ነው። ፒኤቹ ከ7 ወደ 8 ሲወጣ የመርዛማው ድርሻ 10 እጥፍ ገደማ ያድጋል። ለዚህ ነው "እኔም እንደዚያው አበላለሁ፣ የእኔ ግን አልሞቱም" የሚል ጓደኛ የማይጠፋው። ውሃው የእናንተ ውሃ አይደለማ።

እዚህ ላይ የሚያድኑን ባክቴሪያዎች ናቸው። ማጣሪያው ስፖንጅ ላይና ጠጠሩ ላይ ሁለት ዓይነት ሠራተኞች ይሰፍራሉ፤ የመጀመሪያዎቹ አሞኒያን ወደ ናይትራይት ይለውጣሉ (እሱም መርዝ ነው)፣ ሁለተኛዎቹ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት። ናይትሬት በመጠኑ ብዙም አይጎዳም። ግን እነዚህ ባክቴሪያዎች ተራብተው ሥራውን የሚችሉበት ቁጥር እስኪደርሱ ከአንድ ወር እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል፤ ውሃው ከቀዘቀዘ ደግሞ ይዘገያል። አዲስ አኳሪየም ውስጥ ዓሣ ቶሎ ቶሎ የሚሞተው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። ገና ከተገዛ ስለሆነ ሁሉም ሰው ማብላት ያምረዋል፤ ባክቴሪያው ግን ገና አልመጣም። በእነዚያ ሳምንታት የቀኑን ድርሻ ግማሽ አድርጉ፣ በየሁለት ቀኑም ቢሆን ይችላል።

በነገራችን ላይ ስፖንጁን ቧንቧ ስር አትጠቡት። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን የተጨመረበት ባክቴሪያ እንዲገድል ነው፤ የእናንተን ሠራተኞችም ለይቶ አያውቃቸውም። ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ አድርጋችሁ መልሱት።

የጀሞ ከፍታ እና መብራት

አሁን ወደ ሞተው ዓሣ እንመለስ። የገደለው አሞኒያው ብቻ አይመስለኝም። አፋቸውን የውሃው ፊት ላይ ከፍተው ነበር፤ ይህ የአየር እጥረት ምልክት ነው።

ዓሣ የሚተነፍሰው ውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ነው። በባሕር ጠለል ከፍታ፣ 20 ዲግሪ ላይ፣ አንድ ሊትር ውሃ ቢበዛ 9 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። ጀሞ ግን ከባሕር ጠለል 2,200 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ቦታ ነው። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ውሃው ውስጥ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል፤ በሊትር 7 ሚሊግራም ገደማ። ስለዚህ የእኛ 60 ሊትር አኳሪየም በሙሉ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ቢበዛ 420 ሚሊግራም ኦክስጅን አለው። ከግማሽ ግራም በታች!

አሁን 1 ግራም ምግብ ጠጠሩ ውስጥ ቀረ እንበል። እሱን ሙሉ በሙሉ ለማበስበስ ባክቴሪያዎች ከ1 ግራም በላይ ኦክስጅን ይፈልጋሉ። ከዚያ የወጣውን 64 ሚሊግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ወደ ናይትሬት ለመለወጥ ደግሞ ወደ 290 ሚሊግራም ኦክስጅን ይጨመራል። ማለትም አንድ ግራም የተረሳ ምግብ አኳሪየሙ ካለው ኦክስጅን ከሁለት እጥፍ በላይ ይጠይቃል።

ይህ ሁሉ በአንድ ሌሊት አይሆንም፤ ቀናት ይወስዳል። በዚያ መሀል ፓምፑ ውሃውን እያናወጠ ከአየር አዲስ ኦክስጅን ያስገባል፤ ወጪው በገቢ ይተካል። ባንክ ውስጥ 420 ብር ብቻ ያለው ሰው በየቀኑ ደሞዝ እየገባለት 1,000 ብር ዕዳ ቀስ እያለ እንደሚከፍለው ማለት ነው። መብራት ሲጠፋ ደሞዙ ቆመ። ዕዳው ግን አልቆመም። የአምስት ቀን ትርፍ ምግብ ጠጠሩ ውስጥ እየበሰበሰ ነበር፤ ዓሣዎቹም ከበሉ በኋላ ምግብ ለመፍጨት ለሰዓታት ከወትሮው የበለጠ ኦክስጅን ይወስዳሉ፤ እናቴ ደግሞ የመጨረሻውን የሰጠቻቸው ከእራት በኋላ ነበር። ሌሊት ስለሆነ አኳሪየሙ ውስጥ ያሉት ዕፅዋትም ኦክስጅን መስጠቱን ትተው ራሳቸው ይወስዳሉ።

ከዚህ በኋላ እኛ ቤት ሁለት ሕጎች ወጡ። ምግብ ጠዋት፤ ማታ የለም። መብራት ከሌለ ምግብም የለም።

መብራት ጠፍቶ ዓሣዎቹ አየር ፍለጋ ወደ ላይ ከወጡስ? ሻይ ለማቀዝቀዝ ከብርጭቆ ወደ ብርጭቆ እንደሚገለበጠው፣ በጆግ ውሃውን እየቀዳችሁ ከአንድ ስንዝር ከፍታ መልሳችሁ አፍስሱት። ለአምስት ደቂቃ፣ ከዚያ አርፋችሁ እንደገና። ክንድ ያደክማል፤ ይሠራል ግን።

ምን ይብሉ?

ሁሉም ዓሣ አንድ ዓይነት ሆድ የለውም። ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከጀሞ በዓለም ገና በኩል ትንሽ ሲኬድ ሰበታ ላይ የዓሣና የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል አለ፤ የሀገራችንን ዓሣዎች ከሚያጠኑት ተቋማት አንዱ ነው። የእነሱ ዋና ደንበኛ ቆሮሶ ነው፤ በጣና፣ በዝዋይ፣ በሐዋሳና በጫሞ ሐይቆች የሚገኘው፣ ጾም ሲሆን ጠብሰን የምንበላው ቲላፒያ። ቆሮሶ በአብዛኛው የሚኖረው በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን አልጌዎች ነው። ሐይቁን አረንጓዴ የሚያደርገውን ለመፍጨት የሚያስቸግር ነገር የሚፈጨው ጨጓራው ውስጥ ባለው ኃይለኛ አሲድ ነው፤ ፒኤቹ ከ2 በታች ሊወርድ ይችላል። አንጀቱ ደግሞ ከቁመቱ ብዙ እጥፍ ይረዝማል። ዕፅዋት የሚበላ እንስሳ ረጅም አንጀት ያስፈልገዋላ። አምባዛ ግን አፉ ሰፊ፣ ጢማም፣ ሌሊት እየዳሰሰ ያገኘውን የሚውጥ አዳኝ ነው።

የሚገርመኝ ግን የጣና ሐይቅ ላቤዮባርበስ የሚባሉት ዓሣዎች ናቸው። ወደ 15 የሚሆኑ ዝርያዎች እዚያው ሐይቅ ውስጥ አሉ፤ የሚበሉት ለየቅል ነው። አንዱ ከጭቃ ይለቅማል፣ አንዱ ቀንድ አውጣ ይሰብራል፣ ሌሎቹ ዓሣ ያድናሉ። ሁሉም የጎልድፊሽ ዘመዶች፣ የአንድ ቤተሰብ አባላት ናቸው። እንደ ጎልድፊሽ መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፤ ጨጓራም የላቸውም፤ የሚያላምጡት ጉሮሯቸው ውስጥ ባሉ ጥርሶች ነው። ጥርስ በሌለው አፍ፣ ያለ ጨጓራ፣ ዓሣ እያደኑ መኖር!

እናንተ ጋር ያለውስ? ጎልድፊሽ ከሁሉም ቀመስ ያደርጋል። መሠረቱ ለእሱ ተብሎ የተዘጋጀ ደረቅ ምግብ ይሁን፤ ቢቻል የሚሰምጠው ዓይነት፣ ከላይ ሲለቅም አየር እንዳይውጥ። በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ የተቀቀለና ልጣጩ የወለቀ አተር፣ ወይም ፈላ ተደርጎ የለሰለሰ ቆስጣ ወይም ዝኩኒ ይወዳል። የሽሮ ዱቄት አላልኩም፤ አተር ነው ያልኩት። ቤታ ግን ነፍሳት በሊታ ነው፤ አተሩን ቢተፋው አትቀየሙት። ፕሮቲን የበዛበት ጥቃቅን ምግብ፣ ካገኛችሁም የቢምቢ እጭ ስጡት። ጋፒ ሁለቱንም ይበላል፣ ለአፉ እንዲመች ግን አድቅቁለት። ቤታና ጋፒ የሞቃት አገር ዓሣዎች ናቸው፤ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ይፈልጋሉ፣ ማሞቂያ ከሌላችሁ በጀሞ ክረምት ምግብ መቀነስ ብቻ አያድናቸውም።

እንጀራና ዳቦስ? ይበሉታል፤ ግን አብዛኛው ስታርች ነው፤ ውሃ ውስጥ ወዲያው ይፈራርሳል፤ ዓሣው ከሚለቅመው ጠጠሩ ውስጥ የሚገባው ይበዛል። ጥሬ ሥጋ አትስጡ። የበሬ ስብ በእኛ ሆድ ሙቀት ይለሰልሳል፤ 19 ዲግሪ የሆነ አንጀት ውስጥ ግን ድስት ላይ እንደ ረጋ ሞራ ነው።

ደረቅ ምግብም ያረጃል። ፓኬቱ ከተከፈተ በኋላ ቫይታሚን ሲን የመሳሰሉት በወራት ውስጥ እየጠፉ ይሄዳሉ። በትንሽ ፕላስቲክ ተከፋፍሎ የተሸጠላችሁ ከሆነ መቼ እንደተከፈተ ጠይቁ፤ ትልቅ ፓኬት መግዛት ቁጠባ አይደለም።

ታዲያ ስንት ጊዜ?

ለአደገ ዓሣ በቀን አንዴ ወይም የዚያኑ ድርሻ ከፍሎ ሁለቴ። ለጫጩቶች ሦስት አራት ጊዜ፣ ግን በጣም በጥቂቱ። ፓኬቱ ላይ "በሁለት ደቂቃ የሚበሉትን ያህል ስጡ" የሚል ታነቡ ይሆናል። እኔ ይህን ሕግ አልወደውም። ጎልድፊሽ በሁለት ደቂቃ ከሚያስፈልገው በላይ መዋጥ ይችላል፤ ጽሑፉን የጻፈው ሰው ደግሞ ፓኬቱ ቶሎ እንዲያልቅ ቢፈልግ አይፈረድበትም።

ሕጉን በሚዛን ተኩት። የኩሽና ዲጂታል ሚዛን ላይ ውሃ ያለበት ዕቃ አስቀምጡ፣ ዜሮ አድርጉት፣ ዓሣውን በመረብ አንስታችሁ ለአፍታ ጨምሩት፤ ክብደቱን አወቃችሁ። ምግቡን ግን ያ ሚዛን አይችለውም፤ 0.3 ግራም ለእሱ ምንም ነው። ዘዴው ይኸውላችሁ። 50 ግራም ፓኬት በተስተካከለ የሻይ ማንኪያ ስትሰፍሩት 20 ማንኪያ ወጣው እንበል። አንዱ ማንኪያ 2.5 ግራም ነው። እሱን ወረቀት ላይ ገልብጡና በማስመሪያ ለሁለት ክፈሉት፣ ግማሹን እንደገና ለሁለት፣ እንደገና ለሁለት። ስምንት ክምር ይሆናል፤ እያንዳንዱ 0.3 ግራም ገደማ። ለሁለቱ ዓሣዎቻችን አንዱ ክምር የአንድ ቀን ነው።

ከዚህ ሌላ ምርመራ ይወጣል፤ ዕቃ እንኳ አይፈልግም። በቀን 0.3 ግራም ከሰጣችሁ 50 ግራም ፓኬት ከአምስት ወር በላይ ይቆያል። በአንድ ወር ካለቀባችሁ በቀን ከ1.6 ግራም በላይ እየጨመራችሁ ነው፤ ከሚያስፈልገው አምስት እጥፍ በላይ። ቤት ውስጥ ስንት ሰው እንደሚያበላ ለማወቅም ጥሩ ዘዴ ነው።

ትርፉ ውሃ ላይም ይታያል። የሚገባው ናይትሮጅን ሲቀንስ የሚቀየረው ውሃም ይቀንሳል፤ በፈረቃ ውሃ ለሚጠብቅ ቤት ትንሽ ነገር አይደለም። እኛ በየሳምንቱ 15 ሊትር እንቀይራለን፤ አዲሱ ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣ በባልዲ ክፍቱን ያድራል። አሮጌውን በረንዳ ላይ ያለው በሶብላና ጤና አዳም ይጠጣዋል። ናይትሬት ለእነሱ ማዳበሪያ ነው።

በሳምንት አንድ ቀን ጭራሽ አንሰጣቸውም። ዓርብን መርጫለሁ፤ ቤቱ ስለሚጾም ለማስታወስ ቀላል ነው። ጤነኛ፣ ያደገ ዓሣ አንድ ሳምንት ሙሉ ሳይበላ ቢቆይ አይሞትም፤ ስለዚህ ለጥቂት ቀን ስትሄዱ ለጎረቤት አደራ ከማለት ዝም ብሎ መሄድ ይሻላል። እናቴን ግን በዚህ ማሳመን አልቻልኩም። ስለዚህ አሁን መስክ ስወጣ ምግቡን እንደ ድሮ ፋርማሲ በወረቀት ጠቅልዬ፣ በየወረቀቱ ላይ ቀኑን ጽፌ፣ ለእህቴ እሰጣታለሁ፤ ዋናው ፓኬት ከእኔ ጋር ቦርሳዬ ውስጥ ይሄዳል። ባለፈው ስመለስ ወረቀቶቹ በሙሉ ባዶ ሆነው፣ በቀናቸው ተደርድረው አገኘኋቸው። የዓርቡን ያልጻፍኩት እኔ ነበርኩ፤ እሷ "ጾም" ብላ ባዶ ወረቀት ጨምራበታለች።